ሥልጠናው የማን ነው? የመቐለ ሠራተኛ፣ ማኅበሩና አሠሪው፤ ታሪካዊ ቅኝት

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውላት የሚያልፋት አንዲት ሐረግ አለች። ሕጉ የወል የሥራ ክርክር የሚላቸውን ጉዳዮች ሲዘረዝር ከደመወዝ፣ ከአዲስ የሥራ ሁኔታ፣ ከኅብረት ስምምነትና ከሠራተኛ ቅነሳ ጎን አሠሪው ስለ ዕድገት፣ ስለ ዝውውርና ስለ ሥልጠና የሚወስዳቸውን እርምጃዎችም ይጠቅሳል። ሐረጓ በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 ውስጥ ነበረች፤ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156ም ይዟታል። ማን እንደሚሠለጥን፣ በምን ሙያ እንደሚሠለጥንና ሠልጥኖ ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው የሚወስነው ባለፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ የሠራተኛው ማኅበርም በጉዳዩ ድምፅ አለው ማለት ነው።

ድምፁ ግን እምብዛም አልተሰማም። በአገራችን የሠራተኛ ማኅበር ሲነሳ የሚታሰበው የደመወዝ ጥያቄ፣ ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ፣ አለዚያም የሥራ ማቆም አድማ ነው። ሥልጠና ሲነሳ ደግሞ የሚታሰበው ኮሌጁና መንግሥት ነው። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህ ቅኝት ያንን መለያየት ከመነሻው እየተከተለ ወደ መቐለ ይመጣል። ከተማዋ ባለፉት 30 ዓመታት ከአስተዳደርና ከገበያ ከተማነት ወደ ፋብሪካ ከተማነት ተሸጋግራለች፤ ፋብሪካዎቿ በጦርነት ቆመውባታል፤ ዛሬ የተበተነ ሠራተኛዋን መልሳ ለመሰብሰብ ትጥራለች። ሙያ እንዴት እንደሚገነባና እንዴት እንደሚባክን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ያየች ከተማ ናት።

ከእጅ ወደ እጅ

መቐለ እንደ ከተማ የገነነችው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ዛሬም ቆሞ የሚታየው ቤተ መንግሥታቸው በ1870ዎቹ ሲሠራ ግንባታውን የመራው ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ ነበር። ድንጋዩን የጠረቡት፣ እንጨቱን የላጉት ግን የአገሩ እጆች ናቸው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከዋናው ግንበኛ ወደ ረዳቱ ይተላለፍ ነበር። ተለማማጁ ድንጋይ በመሸከምና ጭቃ በማቅረብ ይጀምራል፤ ከቆየ በኋላ መዶሻና መሮ ይሰጠዋል። ውል የለም፣ የጊዜ ገደብ የለም፤ ማረጋገጫውም ሰው ስለ እጁ የሚናገረው ነው።

ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ሞተርና ብረታ ብረት ሲስፋፋ ልማዱ ከግንባታ ቦታ ወደ ጋራዥ ተሸጋገረ። ልጁ ካቻቢቴና ቁልፍ በማቀበል ይጀምራል፣ ዘይት ይቀይራል፣ ጎማ ይፈታል፤ አለቃው ሲያምነው ሞተር ይነካል። ብየዳ ቤቱም፣ ቶርኖ ቤቱም፣ እንጨት ቤቱም እንደዚሁ ነበር። የተሻለ ሙያ የፈለገ የትግራይ ወጣት ደግሞ ወደ አሥመራ ይሻገር ነበር፤ የባራቶሎ የጥጥ ፋብሪካን የመሳሰሉ ድርጅቶች እዚያ ነበሩና።

ይህ የእጅ ለእጅ ሥልጠና ትልቅ ጸጋ አለው። ያለ ኮሌጅ፣ ያለ በጀት፣ ያለ መጽሐፍ ብዙ ሺህ ባለሙያ አፍርቷል። ጉድለቱ ተለማማጁ የሚደራደርበት አቅም የሌለው መሆኑ ነው። ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ መቼ ክፍያ እንደሚጀምር፣ መቼ ዋና እንደሚባል የሚወስነው አለቃው ነው። ሌላ ከተማ ቢሄድ ሙያውን የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም። ዛሬ ድረስ በመቐለ ጋራዦችና ብየዳ ቤቶች የሚሠራው ወጣት የሚቸገረው በዚሁ ነው።

ከሐዲዱ እስከ ወንጂ

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር ታሪክ የሚጀምረው ሙያ ከተሰበሰበበት ቦታ ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ድርጅቱ የሚፈልገውን መካኒክ፣ ቀጥቃጭና የሎኮሞቲቭ ነጂ የሚያወጣ ትምህርት ቤት በአገሩ ስላልነበረ በድሬዳዋ ወርክሾፖቹ ራሱ አሠለጠነ። እነዚሁ ሠራተኞች በ1930ዎቹ መገባደጃ በአገሪቱ ከቀደሙት ማኅበራት አንዱን መሠረቱ፤ ያደረጉት አድማም በኃይል ተበተነ። ባቡሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው በአንድ ቀን ማስታወቂያ አይተካም፤ ያ ሰው መደራደር የቻለውም ስለዚህ ነው። ሠራተኛው በእጁ ያለው ሙያ ከመብቱ ጋር ያለውን ቁርኝት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

በአሥመራ እ.ኤ.አ. በ1952 የሠራተኞች ማኅበራት ኅብረት ሲመሠረት ወልደአብ ወልደማርያም መሪው ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተደረገው አጠቃላይ አድማ በኃይል ሲመታ እንቅስቃሴውም አብሮ ተዳፈነ። በመሀል አገር ደግሞ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የወንጂ ስኳር ፋብሪካን በ1946 ሥራ አስጀመረ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን ከዚሁ ከወንጂ የወጡ ሰው ናቸው።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሠራተኞችን ማኅበር መብት ጠቀሰ፤ በ1954 ድንጋጌ ወጣ፤ በ1955 ኢሠአማ ተመሠረተ፤ በ1956 አዋጅ ቁጥር 210 ታወጀ። ኢትዮጵያ ስለ መደራጀትና ስለ መደራደር መብት የሚደነግጉትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 የተቀበለችውም እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ኢሠአማ ለአባላቱ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ከአሜሪካ ማኅበራትም ለዚሁ ድጋፍ ያገኝ ነበር። የትምህርቱ ትኩረት ግን ማኅበርን መምራት፣ ሕግን ማወቅና መደራደር ላይ ነበር። የሙያ ሥልጠናው ጉዳይ ለአሠሪውና በ1934 ለተከፈተው ለአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ፣ በኋላም በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ለተቋቋመው ለባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተተወ። ክፍፍሉ የጸናው እዚህ ላይ ነው፦ ማኅበሩ ስለ ዳቦው ይነጋገራል፣ ስለ ሙያው ሌሎች ይወስናሉ።

መቐለ በዚህ ሁሉ ዳር ላይ ነበረች። የ1956ቱ አዋጅ ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ቢያንስ 50 ሠራተኞች እንዲኖሩ ይጠይቅ ነበር። በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም አስተዳደር ዘመን መንገድና የእርሻ ልማት ይነገርላት የነበረችው ከተማ ያን ያህል ሠራተኛ የያዘ ድርጅት በጣት የሚቆጠር እንኳ ለማፍራት የምትቸገር ነበረች። የትግራይ ሠራተኛ የማኅበርን ጣዕም ያወቀው በአብዛኛው ከትግራይ ውጭ ሆኖ ነው። በየካቲት 1966 መጨረሻ ኢሠአማ የጠራው አጠቃላይ አድማ አገሪቱን ሲያናውጥ ማዕከሉ አዲስ አበባ፣ የኢንዱስትሪ ከተሞችና የትራንስፖርት መስመሮች ነበሩ።

ፊደሉ ደረሰ፣ ድርድሩ ጠፋ

ደርግ በ1967 ፋብሪካዎችን ወረሰ፤ ኢሠአማን ዘጋ፤ በ1968 አዋጅ ቁጥር 64ን አወጣ፤ በ1969 የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር (መኢሠማ) ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካውን የያዘው መንግሥት ማኅበሩንም ያዘ። ማኅበሩ የምርት ግብ እንዲሟላ፣ ሠራተኛው ሥነ ሥርዓት እንዲይዝ የሚያተጋ ሆነ። አሠሪና ሠራተኛ ተባብረዋል ይባል ነበር፤ ሆኖም አንዱ ወገን ብቻ የሚናገርበት ትብብር ነበር።

ያ ዘመን ለሠራተኛው የተወው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዩኔስኮ ድጋፍ ማንበብና መጻፍን ከሥራ ጋር ለማያያዝ የተሞከረው ፕሮጀክት ትንሽ ነበር። በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ገባ፤ ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ያልቻለው ሠራተኛ ፊደል ቆጠረ። ፊደል ያልቆጠረ ሠራተኛ የማሽን መመሪያ አያነብም፣ የኅብረት ስምምነትም አያነብም፤ ሥልጠናም ድርድርም የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ትግራይ ግን በዚያ ጊዜ በጦርነት ውስጥ ነበረች። በ1977 ረሃብ የመቐለ ዳርቻ በተራቡ ሰዎች መጠለያ ተሞላ፤ በ1981 ደርግ ከተማዋን ለቆ ወጣ። ስለ ሙያና ስለ ድርድር የሚታሰብበት ጊዜ አልነበረም።

ፋብሪካዎቹ ሲመጡ

ከ1983 በኋላ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ሄዱ። አንደኛው የማኅበሩ ነው። በ1985 አዲስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወጣ፤ በ1986 የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዳዊ ኢብራሂም የመንግሥትን የኢኮኖሚ ማሻሻያና እሱ ያስከተለውን የሠራተኛ ቅነሳ በይፋ ተቃወሙ፤ በ1987 የኮንፌዴሬሽኑ ምዝገባ ተሰረዘ፣ በኋላም ፕሬዚዳንቱ አገር ለቀው ወጡ። ኢሠማኮ በ1989 እንደገና ሲቋቋም ይበልጥ የተጠነቀቀና የተዳከመ ነበር።

ሁለተኛው የመቐለ ነው። ማኅበሩ በተዳከመባቸው በእነዚያው ዓመታት ፋብሪካው ወደ ከተማዋ መጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተቋቋመ። ሕወሓት የመሠረተው የድርጅቶች ስብስብ ኤፈርት ሲደራጅ መሰቦ ሲሚንቶ ተገነባ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ወደ ምርት ገባ። በውቅሮ ሼባ ቆዳ፣ በዓድዋ አልመዳ ጨርቃ ጨርቅ፣ በዓዲግራት አዲስ መድኃኒት ተከተሉ። በከተማዋ የማአ ጋርመንት ፋብሪካ ተከፈተ።

እነዚህ ፋብሪካዎች ለመቐለ አዲስ ዓይነት ሠራተኛ ሰጧት። የሲሚንቶ ምድጃ የሚቆጣጠር ሰው በክፍል ውስጥ ብቻ አይፈጠርም። ሙቀቱን፣ የጥሬ ዕቃውን ቅይጥ፣ የክሊንከሩን መልክ ለዓመታት ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ይማራል። የከባድ ተሳቢና የነዳጅ ታንከር በያጅም እንዲሁ ነው። ከተማዋ ከእጅ ለእጅ ልማዷ ወደ ተደራጀ የፋብሪካ ሙያ የተሻገረችው በእነዚህ ግቢዎች ነው። አሠሪው፣ ፓርቲውና አስተዳደሩ በተቀራረቡበት በዚያ ሁኔታ ግን ማኅበር ራሱን ችሎ የሥልጠናው ዕቅድ ለሠራተኛው ምን ያመጣል ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ጠባብ ነበር።

በዚሁ ጊዜ የሙያ ትምህርቱ መልኩን ለወጠ። በ1998 በጀርመን ድጋፍ ትልቅ የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም ተጀመረ፤ በ2000 አዲሱ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ስትራቴጂ ወጣ። የሙያ ደረጃዎች ተዘጋጁ፤ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና መጣ፤ የትብብር ሥልጠና ደግሞ ሠልጣኙ 70 በመቶ ጊዜውን በድርጅት፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ጠየቀ። በመቐለም ሠልጣኞች ወደ ጋራዡ፣ ወደ ብረታ ብረት ቤቱ፣ ወደ ፋብሪካው ተሰማሩ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የጎደለው ሰው አለ እንጂ። ስምምነቱን የሚፈርሙት የኮሌጁ ኃላፊና የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ሠልጣኙን ከጎኑ አቁሞ የሚያስተምረው ግን ነባሩ ሠራተኛ ነው። የዕለት ሥራውን ሳይቀንሱለት ተማሪ ይጨምሩበታል፤ ተማሪው ቢሳሳት ተጠያቂው እሱ ነው፤ ላስተማረበት ጊዜ አበል አይታሰብለትም። አንዳንዴም ነገ በአነስተኛ ደመወዝ ይተካኛል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ተማሪውን መጥረጊያ ያስይዘዋል፣ ወይም ዳር ቆሞ እንዲያይ ይተወዋል። የትብብር ሥልጠና ብዙ ጊዜ በወረቀት የሚቀረው ሠራተኛው ክፉ ሆኖ አይደለም። የሥልጠናው ዋና ባለድርሻ ስለሆነ ሊጠየቅ ሲገባው ማንም ስላልጠየቀው ነው። እሱን ወክሎ መጠየቅ ደግሞ የማኅበሩ ሥራ ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል።

ፓርኩና የሚሄደው ሠራተኛ

በሐምሌ 2009 የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ የተደረገበት ነው። የባንግላዴሹ ዲ.ቢ.ኤል.፣ ቬሎሲቲ አፓረልዝና ሌሎች የልብስ አምራቾች ወደ ከተማዋ መጡ። ከገጠርና ከከተማው የመጡ ወጣት ሴቶች ከስፌት መኪናና ከኦቨርሎክ ጀርባ ተቀመጡ። የማያውቁት የፋብሪካ ሰዓት፣ የማያውቁት ታርጌት፣ የማያውቁት ሱፐርቫይዘር ገጠማቸው።

በዚህ ዘርፍ የሥልጠናው ትልቁ ጠላት የሠራተኛው መልቀቅ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ ለኢንዱስትሪ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ባሳተሙት ጥናት ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ እንደለቀቁ አሳይተዋል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ መሠረት በሐዋሳ ፓርክ የነበረው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢያዝም ትእዛዙ ለዓመታት ወደ ተግባር ሳይቀየር ቆይቷል።

በሐዋሳ መንግሥት፣ ባለሀብቶችና የውጭ ለጋሾች ተባብረው ሠራተኛ የመመልመያና የማሠልጠኛ ሥርዓት ዘርግተው ነበር። ወጣቶቹ በየወረዳቸው ተመዝግበው፣ ተመዝነውና መሠረታዊ ሥልጠና ወስደው ወደ ፓርኩ ይገቡ ነበር። በጥሩ ሁኔታ የታሰበ ነው፤ ከጠረጴዛው የጎደለው ግን የሠራተኛው ማኅበር ነበር፤ በፓርኩ የመጀመሪያ ዓመታት ማኅበር የማደራጀት ሥራው ራሱ ገና ነበርና። ሥርዓቱ ሠራተኛውን እስከ በሩ ያደርሳል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን፣ ሙያው ሲያድግ ደመወዙ ያድጋል ወይ የሚለውን ግን የሚመልስ አካል አልነበረበትም።

ስሌቱን እንየው። አሠሪው አዲስ ሠራተኛ ያሠለጥናል፤ ሠራተኛዋ በወራት ውስጥ ትሄዳለች፤ አሠሪው ሥልጠና ኪሳራ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ስለዚህ አንድ ቁራጭ ስፌት ብቻ የሚያስችል አጭር ልምምድ ይሰጣል። ሠራተኛዋ ደግሞ አንድ ስፌት ብቻ ስለምታውቅ ደመወዟ አይጨምርም፤ ስለዚህ ትሄዳለች። ይህን አዙሪት አሠሪው ብቻውን አይሰብረውም፤ ሠራተኛዋም ብቻዋን አትሰብረውም። የሚሰብረው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የስፌት ዓይነት የቻለች ሠራተኛ ደረጃዋና ደመወዟ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚወስን የኅብረት ስምምነት ነው። አሠሪው ሠራተኛው እንዲቆይለት ይፈልጋል፤ ሠራተኛው የሚቆይበት ምክንያት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ሥራ ድርጅት ሥራዬ በሚል ስያሜ የጀመረው ፕሮግራም መንግሥትን፣ አሠሪዎችንና ማኅበራትን በልብስና ጨርቃ ጨርቅ ዘርፍ ማቀራረቡ ለዚህ በር የሚከፍት ነው።

ጦርነቱ የወሰደው

ጥቅምት 25 ቀን 2013 የትግራይ ጦርነት ተጀመረ። የመቐለ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ ዲ.ቢ.ኤል.ን የመሳሰሉ ኩባንያዎች የውጭ ሠራተኞቻቸውን አስወጡ። የኤፈርት ድርጅቶች የባንክ ሒሳብ ታገደ። በጥቅምት 2014 የአየር ድብደባ የመስፍን ኢንዱስትሪያልን ግቢ መታ፤ የፌዴራል መንግሥት ቦታው ለጦር መሣሪያ ሥራ ይውላል ሲል ሕወሓት አስተባበለ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎአ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ወጣች። ባንክ፣ መብራትና ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ።

የተሰበረ ማሽን ይቆጠራል፣ ዋጋ ይወጣለታል። የተበተነ ሙያ ግን አይቆጠርም። የምድጃ ተቆጣጣሪው፣ በያጁ፣ የስፌት መስመር መሪዋ፣ የጥራት ተቆጣጣሪዋ፣ አሥር ዓመት በሥራ ላይ የተማሩት ሰዎች ደመወዝ ሲቋረጥ ተበተኑ። የሞተ ሞተ፤ የተሰደደ ተሰደደ፤ ከተማ የቀረው ያገኘውን እየሠራ ቤተሰቡን አቆየ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ አገልግሎት ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ፋብሪካዎችም አንድ በአንድ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ችግሩም ወዲያው ታየ፦ ማሽኑ ተጠግኖ የሚያንቀሳቅሰው ሰው የለም።

በኅዳር 2017 ደግሞ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን የቀድሞ ተዋጊዎችን የማቋቋም ሥራ በትግራይ ጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር 75,000 ሰዎች ታቅደዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ትምህርታቸውንና ሥራቸውን ያቋረጡ ወጣቶች ናቸው። የሙያ ሥልጠና ይሰጣቸዋል ሲባል ጥያቄው በዚያው ይነሳል፦ ሠልጥነው የት ይገባሉ? ቦታ የሚኖራቸው ፋብሪካው ምን ዓይነት ሙያ እንደሚፈልግ ከተናገረ፣ በውስጡ ያለው ነባር ሠራተኛም አዲሱን እንደ ባላንጣ ሳይሆን እንደ ባልደረባ ከተቀበለው ነው። ይህን መተማመን የሚፈጥረው ደብዳቤ አይደለም፤ ከአሠሪው ጋር የተነጋገረና ለአባላቱ ያስረዳ ማኅበር ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው የሙያ ሥልጠና ሕግ በየአካባቢው የንግድና የእደ ጥበብ ምክር ቤት የሚሠራ የሥልጠና ኮሚቴ አላት፦ 6 የአሠሪ ተወካዮች፣ 6 የሠራተኛ ተወካዮችና 6 መምህራን የሚቀመጡበት። ተለማማጁ ስንት ዓመት ይማር፣ ምን ይፈተን የሚለው የሠራተኛው ወገን ሳይሰማ አይወሰንም። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ መውደቅ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998ና 1999 ባወጣቻቸው ሕጎች አሠሪዎች ከደመወዝ ክፍያቸው 1 በመቶ ለሥልጠና እንዲያዋጡ፣ ገንዘቡም አሠሪና ማኅበር በጋራ በሚቀመጡባቸው የዘርፍ ባለሥልጣናት በኩል እንዲመራ አደረገች። በአንዳንዶቹ ብልሹ አሠራር በመታየቱ ብዙ ተወቅሳለች፤ በጋራ መቀመጥ ብቻውን ለሐቀኝነት ዋስትና እንዳልሆነ ከዚያ እንማራለን።

በአሜሪካ ላስ ቬጋስ የምግብ ቤትና የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር ከሆቴሎቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 የጋራ ማሠልጠኛ ከፍቷል። ክፍል የሚያጸዳውና ሳህን የሚያጥበው ሠራተኛ እዚያ ተምሮ አስተናጋጅ ወይም ምግብ አብሳይ ይሆናል፤ ወጪውን የሚሸፍነው በኅብረት ስምምነቱ መሠረት አሠሪው የሚያዋጣው ገንዘብ ነው። የመቐለ ሆቴሎች ይህን በቅርበት ሊያዩት ይገባል። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ስለ ጥራት ያለው ተለማማጅነት ባጸደቀው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 208 የተለማማጁን ክፍያ፣ ደኅንነትና ማረጋገጫ ከአሠሪና ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በመመካከር መወሰን እንደሚገባ አስቀምጧል።

ቀጣዩ የኅብረት ስምምነት

አንድ እውነተኛ ተቃውሞ ይቀርባል። የመቐለ አሠሪ ዛሬ ዕዳ ያለበት፣ ገበያው የተቋረጠበት ነው፤ ለሥልጠና የሚሆን ገንዘብ ከየት ያምጣ? ማኅበሩም አባላቱ የተበተኑበት፣ መዋጮው የቀረበት ነው፤ ገና የራሱን ቤት ሳይሠራ ስለ ሥልጠና እንዴት ይደራደር? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሆኖም ከምን እንደምንጀምር ይወስናል እንጂ ጉዳዩን እንድንተወው አያስገድድም። ዛሬ ያለ ብዙ ገንዘብ የሚጀመር ነገር አለና።

የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የቀድሞ አባላቱን ስምና ሙያ ከአሠሪው ጋር ሆኖ ይመዝግብ። ማን የት እንዳለ የሚያውቅ አሠሪ አዲስ ሰው ከዜሮ ከማሠልጠኑ በፊት የሠለጠነውን ሰው ይጠራል። ከጋራዥና ከብየዳ ቤት ያለ ወረቀት የተማሩትም በሲኦሲ ተመዝነው ማረጋገጫ የሚያገኙበትን መንገድ አብረው ይጠይቁ።

ሁለተኛው አሠልጣኙ ሠራተኛ ነው። በኅብረት ስምምነት ውስጥ ሠልጣኝ የተመደበበት ሠራተኛ የሥራ ጫናው እንደሚቀነስለት፣ ለማሠልጠኑ አበል እንደሚታሰብለት፣ ሠልጣኙም እሱን ለመተካት እንደማይውል በግልጽ ይጻፍ። ይህ አንቀጽ 70 በመቶ የሚባለውን የድርጅት ሥልጠና ከወረቀት ወደ ማሽን ያወርደዋል።

ሦስተኛው የደረጃ መሰላል ነው። የመጀመሪያው የሙከራ ጊዜ በሕግ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሠራተኛዋ ሁለተኛ ሙያ ስትችል፣ ሦስተኛ ስትችል፣ መስመር መምራት ስትችል ደመወዟ በምን ያህል እንደሚያድግ አስቀድሞ ይወሰን። ሥልጠና የሚዘልቀው ሙያ ያደገለት ሰው ኑሮው ሲያድግ ነው።

አራተኛው ተለማማጁ ነው። ሕጉ ዕድሜው ከ15 ዓመት ያላነሰ ወጣት በሙያ መልመጃ ውል እንዲማር ይፈቅዳል፤ ውሉ ሲያልቅም አሠሪው የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። ማኅበሩ ተለማማጁን ገና አባል ስላልሆነ ችላ ሊለው አይገባም። ዛሬ ያለ መብት የሚማር ወጣት ነገ የነባሩን ሠራተኛ ደመወዝ ለማውረድ መጠቀሚያ ይሆናል።

እነዚህን የሚይዝ የጋራ የሥልጠና ኮሚቴ በእያንዳንዱ ፋብሪካ ሁለትም ሦስትም ሰው ከየወገኑ ይዞ ቢጀምር በቂ ነው። የኢሠማኮ የጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳና አልባሳት ፌዴሬሽንም ሌሎቹም የዘርፉን ልምድ ሊያካፍሉ ይችላሉ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹም በኮሚቴው ቢቀመጡ ትምህርታቸው ከማሽኑ አይርቅም።

የባቡር ሐዲዱ ሠራተኞች ሙያቸው የመደራደር ኃይል እንደሆነ ተረድተው ነበር፤ የሙያው ሥልጠና እንዴት እንደሚካሄድ ግን አሠሪው ወሰነ። ወንጂም፣ መኢሠማም፣ የኤፈርት ፋብሪካዎችም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ያንኑ ክፍፍል ወረሱ። መቐለ ዛሬ ፋብሪካዋን ከሞላ ጎደል ከመሠረቱ እያስነሳች ስለሆነ አሮጌውን ልማድ መልሳ የምትተክልበት ምክንያት የላትም። ሕጉ ሥልጠናን በጋራ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ብሎ አስቀምጦታል። የሚቀረው የአሠሪው ፈቃደኝነትና የማኅበሩ ድፍረት ነው፤ ሁለቱም ያለባቸው ግዴታ የመጀመሪያውን የሥልጠና አንቀጽ በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነታቸው ላይ ጽፎ መፈረም ነው።